ህሊንካ ማነው? ልጄ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ

የናቲ እናት (ኤድመንተን)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙውን ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ጥያቄ አለኝ።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ሆኪ ይጫወታል። አዎ፣ የበረዶውን። ሳቃችሁን ስትጨርሱ ቀጥሉ። ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ፣ በዚያ ብርድ መኪና አሙቄ፣ የሱን የበረዶ ጫማ ክር ሳስር ጣቴ የተላጠ ሴት ነኝ። ሳቁ፣ ግን መልሱልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦገስት 2024 ላይ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከ18 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድኖች እዚሁ ከተማችን ውድድር ነበራቸው። ህሊንካ ግሬትስኪ ካፕ ይባላል። ናቲን ይዤው ሄድኩ። ግሬትስኪን፣ ታዋቂውን የካናዳ ሆኪ ተጫዋች፣ እኔም አውቀዋለሁ። ሐውልቱ ስታዲየሙ ደጃፍ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ቆሟል። ስንወጣ ሐውልቱ ስር ፎቶ ሳነሳው ልጄ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እማዬ፣ የህሊንካስ የት ነው? ማነው እሱ?"

እንጃ። ቤት ገብቼ ፈለግኩ። ቼክ ነው፣ ተጫዋች ነበር፣ አሰልጣኝ ሆነ፣ በመኪና አደጋ ሞተ። ይሄንኑ ነገርኩት። አልጠገበም። ይሄው እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

ሌላም ነገር አለ። የናቲ አሰልጣኝ ዝምተኛ ሰው ነው። ልጄ ደግሞ "አይወደኝም" ብሎ ደምድሟል። ስለ አሰልጣኞች ደህና ወሬ ባገኝለት ብዬ ነው። የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ።

ባለ_ኳሱ (አዲስ አበባ)፦

ሆኪ! እህቴ፣ እኛ እዚህ በረዶ የምናውቀው ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። ለማንኛውም ወንበር ስቤ ቁጭ ብያለሁ።

ሰማያዊ_መስመር (ቶሮንቶ)፦

በመጨረሻ አንድ ሰው ሆኪ ጠየቀ! ለስንት ዓመት ብቻዬን ስጮህ።

ኢቫን ህሊንካ። ጃንዋሪ 26፣ 1950 በዚያን ጊዜዋ ቼኮዝሎቫኪያ ሞስት በምትባል ከተማ ተወለደ። የተጫወተው እዚያው አጠገብ ላለችው ለሊትቪኖቭ ነው። ቦታው ሴንተር ነው። በኛ ኳስ ብታስቢው መሐል ሆኖ የሚያቀብል፣ ሲያመችም ገብቶ የሚያገባ ዓይነት።

ለብሔራዊ ቡድን 256 ጨዋታ፣ 132 ጎል። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን፦ 1972፣ 1976 እና 1977። የ1972ቱ ትልቅ ነገር ነበር። ሶቪየቶች ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ሲወስዱት የቆዩትን ፕራግ ላይ ቀሟቸው። ከኦሊምፒክ ደግሞ በ1972 ነሐስ፣ በ1976 ብር አለው።

በ1981፣ 31 ዓመት ሲሞላው፣ ከተከላካዩ ይርዢ ቡብላ ጋር ወደ ቫንኩቨር ካናክስ መጣ። በመንግሥት ፈቃድ ወደ ኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ) ቀድመው ከመጡት ቼኮች መካከል ናቸው። በመጀመሪያ ዓመቱ 23 ጎል አግብቶ 37 አቀበለ። ድምሩ 60 ነጥብ። ያ የክለቡ የጀማሪ ተጫዋች ክብረ ወሰን ሆነ። ፓቬል ቡሬ ከአሥር ዓመት በኋላ እኩል ደረሰበት እንጂ አላለፈውም። የተሰበረው በ2018-19 ነው፣ በኤሊያስ ፔተርሰን። ጀማሪ ሲባል ግን ሰውዬው ፂሙ የወጣ፣ የዓለም ዋንጫ ሦስቴ የበላ ጎልማሳ መሆኑን አትርሱ።

በዚያው ዓመት ቫንኩቨር ለስታንሊ ካፕ (የሊጉ ዋንጫ ነው) ፍጻሜ ደረሰ። በኒውዮርክ አይላንደርስ 4 ለ 0 ተጠራርጎ ተመለሰ። ህሊንካ ሁለት ዓመት ተጫውቶ ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ፣ ከዚያ አሰልጣኝነት። የአሰልጣኝነቱን ነገር ማታ እመለስበታለሁ፣ ፈረቃ አለብኝ።

የሊትቪኖቭ_ተማሪ (ፕራግ)፦

የዚህን ሰው ስም በአማርኛ ተጽፎ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እድሜ ደጉ።

እኔ በ70 ዓ.ም በኛ አቆጣጠር ለትምህርት ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ከመጡት አንዱ ነኝ። መጀመሪያ ዓመት ቋንቋ ተማርን፣ ከዚያ ኬሚካል ምህንድስና ገባሁ። ለልምምድ የተላክነው ወደ ሰሜን ቦሄሚያ፣ ሊትቪኖቭ አጠገብ ወዳለው ትልቅ የኬሚካል ፋብሪካ ነበር። አገሩ በሙሉ የድንጋይ ከሰል ነው። ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ ትወጣለህ፣ ማታ ግራጫ ሸሚዝ ለብሰህ ትገባለህ። አክታህ ራሱ ጥቁር ነው።

ሰውዬው የተወለደባት ሞስት ምን እንደሆነች ልንገራችሁ። አሮጌው ከተማ ከሥሩ ከሰል ስለተገኘ አፍርሰውታል። ሙሉ ከተማ! ያስቀሩት አንድ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። እሱንም በ1975 ሐዲድ ዘርግተው፣ እንዳለ አንስተው፣ 841 ሜትር ገፍተው አዲስ ቦታ አስቀመጡት። ጓደኞቼ ሲነግሩኝ ቀልድ መስሎኝ ሄጄ አየሁት። ሙሉ ሕንፃ፣ ከነመስኮቱ። እኔ የገብርኤል ልጅ ነኝ፣ ታቦት ሲሄድ እንጂ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰምቼ አላውቅም።

ቡድኑ የፋብሪካው ነበር። ስሙ ላይ ራሱ የኬሚካል ፋብሪካ የሚል ምህጻረ ቃል ነበረበት። ከፈረቃ የወጣው ሠራተኛ ልብሱን ሳይቀይር በቀጥታ ወደ ጨዋታው ይሄዳል። በ1980-81 ክረምት የክፍሌ አለቃ፣ ወፍራም፣ ደግ ሰው፣ እጄን ይዞ ወሰደኝ። "ህሊንካን ሳታይ አገርህ አትመለስም" አለኝ።

ግዙፍ ነው። 1 ሜትር ከ90 ገደማ። ሌሎቹ እንደ ንብ ሲተራመሱ እሱ ዝግ ብሎ ይንሸራተታል። እኔ የሆኪ ሀሁ አላውቅም፣ ግን "ይሄ ሰውዬ ታሟል እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩ። አለቃዬ ሳቀ። ፓኳን (ለማያውቅ፦ እንደ ኳስ የሚጫወቱባት ክብ ጥቁር ጎማ ናት) በዱላው ይዞ ይቆማል። ሰው ይመጣበታል። አሁንም ይቆማል። ጀበና እስኪፈላ እንደሚጠብቅ ሰው። ሁለተኛው ተከላካይ ሲጠጋው አንድ ጊዜ ወደ ጎን ያያል፣ ፓኳ በሌላ በኩል ሄዳ ጓደኛው ዱላ ላይ ትገኛለች። አለቃዬ በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ፣ "እሱ አይሮጥም። ፓኳ ትሩጥ" አለኝ።

ያ ክረምት አገሩ ላይ በሙሉ አቅሙ የታየበት የመጨረሻው ነበር። በበጋው ቫንኩቨር ሄደ።

ባለ_ኳሱ፦

ጋሼ ይቀጥሉ እንጂ! አንድ ጥያቄ፦ ያን ጊዜ ሶሻሊስት አገር አይደለም እንዴ? እንዴት ለቀቁት?

የሊትቪኖቭ_ተማሪ፦

ልጄ፣ መንግሥት የሚለቀው እድሜው ወደ 30 የደረሰውን፣ ለብሔራዊ ቡድን አገልግሎ ጉልበቱ ሊያልቅ የተቃረበውን ነው። ዶላሩንም በመንግሥት ድርጅት በኩል ይቆርጡለታል። ወጣቶቹን ንክች! ስለዚህ ወጣቶቹ ይጠፉ ነበር። ፒተር እና አንቶን ስታስትኒ ወንድማማቾቹ በ1980 ከኦስትሪያ ጠፍተው ኩቤክ ገቡ። ከሊትቪኖቭም ፔትር ስቮቦዳ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ በ1984 ምዕራብ ጀርመን ለውድድር በሄደበት ቀረ። ይህችን ስም ያዟት፣ ትመለሳለች።

ደግሞ ከሶቪየት ጋር የሚደረግ ጨዋታ ለነሱ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ታንክ በ1968 መንገዳቸው ላይ ገብቷል። አደባባይ ወጥቶ መናገር አይቻልም። በረዶ ላይ ግን ማሸነፍ ይቻላል። እኛም ያን ጊዜ ከደርግ አገር የመጣን ስለሆንን ዝም ብሎ መናገርን እናውቅበት ነበር።

ሰማያዊ_መስመር፦

ፈረቃ ወጣሁ። ጋሼ እጅዎን ይሳሙ።

እሺ፣ አሰልጣኝነቱ። ሊትቪኖቭን አሰለጠነ፣ ከዚያ ብሔራዊ ቡድኑን። በ1992 አልበርትቪል ላይ የኦሊምፒክ ነሐስ። ዋናው ግን ናጋኖ ነው፣ ጃፓን፣ ፌብሩዋሪ 1998። ኤንኤችኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጉን አቁሞ ተጫዋቾቹን ሁሉ ወደ ኦሊምፒክ የላከበት ዓመት ነው። ሰው ሁሉ የጠበቀው ካናዳና አሜሪካን ነበር። የነሱ ቡድን ከላይ እስከ ታች የኤንኤችኤል ኮከብ ነው። ህሊንካ ግን ከአውሮፓ ሊጎች ብዙ ሰው ይዞ ሄደ። አምበል ያደረገውም ቭላዲሚር ሩዚችካን ነው። 34 ዓመቱ፣ ከአሜሪካ ተመልሶ ፕራግ ውስጥ የሚጫወት። በብዙ ሰው ዓይን ያለፈበት።

በምድቡ ፊንላንድን 3 ለ 0፣ ካዛክስታንን 8 ለ 2 ረቱ፣ በሩሲያ 2 ለ 1 ተሸነፉ። ሩብ ፍጻሜ አሜሪካን 4 ለ 1። ከዚያ ካናዳ መጣች።

በረኛው (ዋሽንግተን ዲሲ)፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ናጋኖን አሰልጣኝ አላሸነፈም። ዶሚኒክ ሃሼክ ነው ያሸነፈው። ስድስት ጨዋታ፣ ስድስት ጎል ብቻ ገባበት። ስድስት! ሃሼክን በረኛ አድርጋችሁ እኔን አሰልጣኝ ብታደርጉኝ እኔም ሜዳሊያ ነበረኝ።

የካናዳውን ግማሽ ፍጻሜ ልንገራችሁ፣ በቴፕ ስንቴ አይቼዋለሁ። ሁለት ክፍለ ጊዜ 0 ለ 0። በሦስተኛው ይርዢ ሽሌግር ከሩቅ አንድ አገባ። ልታልቅ አንድ ደቂቃ አካባቢ ሲቀር ትሬቨር ሊንደን አቻ አደረገ። (ሊንደን ለዓመታት የቫንኩቨር አምበል የነበረ ነው። የህሊንካ የድሮ ክለብ ሰው ህሊንካን አስለቀሰው ማለት ነው፣ ለጊዜው።) ጭማሪ ሰዓት ምንም የለም። የመለያ ምት።

ካናዳ አምስት ሰው ላከች፦ ፍለሪ፣ ቡርክ፣ ኒውወንዳይክ፣ ሊንድሮስ፣ ሻናሃን። ሃሼክ አምስቱንም መለሰ። ተንበርክኮ፣ ተንከባሎ፣ እግሩን በትኖ። ሰውየው አጥንት የለውም። ከቼክ በኩል ሮበርት ራይኽል የመጀመሪያውን አገባ፣ እሱው በቃ።

እና ዌይን ግሬትስኪ? በዚያን ጊዜ በኤንኤችኤል ታሪክ ከማንም በላይ ጎል ያገባው ሰው ለመለያ ምቱ አልተመረጠም። ወንበር ላይ ተቀምጦ አየ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሜዳውን የሚያይበት ምስል አለ።

የናቲ እናት፦

ቆይ ቆይ። እኛ ያየነው ዋንጫ ላይ ያሉት ሁለቱ ስሞች፣ አንዱ በዚያ ወንበር ሌላው በዚህ ወንበር ነበሩ ማለት ነው?

በረኛው፦

አዎ። በተመሳሳይ ሰዓት፣ ትንሽ ሜትር ተራርቀው።

የሊትቪኖቭ_ተማሪ፦

በረኛው፣ ስለ ሃሼክ ያልከው እውነት ነው። እኔም አልክድም። ግን አንድ ነገር ልቁጠርልህ፣ አንተም ከኔ ጋር ቁጠር።

በካናዳ ላይ በጨዋታ ያገባው ሽሌግር። ያደገው ሊትቪኖቭ። አባቱ ማን ይመስልሃል? ይርዢ ቡብላ። ከህሊንካ ጋር ቫንኩቨር የሄደው ያ ተከላካይ!

በመለያ ምት ያገባው ራይኽል። የሊትቪኖቭ ልጅ፣ እዚያው የተወለደ።

አምበሉ ሩዚችካ። ሊትቪኖቭ።

አሁን ወደ ፍጻሜው። ፌብሩዋሪ 22፣ እሑድ። ጃፓን ከሰዓት ነው፣ እኛ ጋ ገና አልነጋም። ከሌሊቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ነው የጀመረው። መስኮቴን ከፍቼ ወጣ ብዬ አየሁ። የማየው ፎቅ ሁሉ መብራቱ በርቷል። በዚያን ሰዓት! ታች ያሉት አሮጊት ጎረቤቴ፣ ሆኪ ጠላሁ የሚሉት፣ በነጠላ ጫማ መጥተው ሶፋዬ ላይ ተቀመጡ። ከሩሲያ ጋር። 0 ለ 0፣ 0 ለ 0። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ከርቀት አንድ ምት ተላከች፣ ገባች። 1 ለ 0፣ በዚያው አለቀ።

ያገባው ማነው? ፔትር ስቮቦዳ። ያ በ18 ዓመቱ ጀርመን ላይ የጠፋው ልጅ። የሞስት ተወላጅ፣ የሊትቪኖቭ ተጫዋች። በጠፋ በ14 ዓመቱ።

ሦስቱም ጎል፣ በሁለቱ ትልልቅ ጨዋታዎች፣ ከዚያች በጭስ ከተሸፈነች ትንሽ ከተማ ነው። ሃሼክ በሩን ዘጋ፣ እሺ። ጎሉን ያመጡት ግን ሰውዬው በልጅነታቸው የሚያውቃቸው ናቸው። ወይ አብሯቸው ተጫውቷል፣ ወይ አሰልጥኗቸዋል፣ ወይ ከአባታቸው ጋር እንጀራ በልቷል።

አሮጊቷ ያን ቀን እኔን አቅፈው አለቀሱ። ዋናው አደባባይ ሲመለሱ ሊቀበላቸው የወጣው ሰው መርፌ ቢጥሉ መሬት አይነካም። "ሃሼክ ወደ ቤተ መንግሥት!" ይሉ ነበር። ፕሬዚዳንት ይሁን ማለታቸው ነው።

ባለ_ኳሱ፦

የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ሄደ በሉኛ! ይሄ እኛ አገር ቢሆን ፌዴሬሽኑ በር ላይ ሰልፍ ነበር። "የዘመድ ቡድን" ተብሎ ሬዲዮ ላይ ሳምንት ይሰደብ ነበር። ወርቅ ይዞ እስኪመለስ።

ሰማያዊ_መስመር፦

ሃሃሃ። ስቮቦዳ ያን ጊዜ ፊላደልፊያ፣ ራይኽል አይላንደርስ፣ ሽሌግር ፒትስበርግ ነበሩ። ዘመድ ናችሁ ብሎ የሚቀንሳቸው አይገኝም። የሩዚችካን አምበልነት ግን ትንሽ ያሳማው ነበር፣ ቢሸነፉ።

አንድ ሌላ ነገር። በካናዳው ጨዋታ ያ አቻ ጎል ሲገባ የህሊንካን ፊት ፈልጋችሁ እዩት። አንድ ደቂቃ ሲቀር ወርቅ ከእጅህ አመለጠች። ሌላ አሰልጣኝ ሰሌዳ ያነሳል፣ ይጮሃል፣ ዱላ ይሰብራል። እሱ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ጀበና እስኪፈላ፣ ጋሼ እንዳሉት።

ቅልጥፍ (ፍራንክፈርት)፦

ከዚያ በ1999፣ 2000 እና 2001 ሦስት የዓለም ዋንጫ አከታትሎ ወሰደ። ታላቅ ሰው።

ሰማያዊ_መስመር፦

@ቅልጥፍ የ1999ኙ ብቻ ነው የሱ፣ ኖርዌይ ላይ። የ2000 እና የ2001ን ያሰለጠነው ዮሴፍ አውጉስታ ነው። ህሊንካ ያን ጊዜ አሜሪካ ነበር።

ቅልጥፍ፦

እሺ ተቀብያለሁ።

ታክሲ_412 (ፒትስበርግ)፦

አሜሪካ ስትሉ እኔ ገባሁ። ያን ጊዜ እዚህ ታክሲ እነዳ ነበር፣ ሬዲዮዬ ከስፖርት አይወርድም። ስለዚህ ሰውየውን በጆሮ ነው የማውቀው።

ፌብሩዋሪ 2000 ላይ የኛ ከተማ ክለብ ፔንግዊንስ በረዳትነት አመጡት፣ በበጋው ዋና አሰልጣኝ ሆነ። አምበሉ ያሮሚር ያግር ነው፣ የቼክ ልጅ በሽ በሽ ነው፤ ስትራካ፣ ላንግ፣ ያ ሽሌግርም ጭምር። ሰዉ "ያግርን ለማስደሰት ነው" ይል ነበር። በዚያው ዓመት ቺካጎም ፊንላንዳዊ አሰልጣኝ ቀጥራ ነበር። ከዚያ በፊት ከአውሮፓ አምጥቶ ቡድን ማስረከብ የሚባል ነገር አልነበረም።

አሁን ይሄን ስሙ። የክለቡ ባለቤት ማርዮ ለሚው ነው። ጡረታ የወጣው ኮከብ። ዲሴምበር 27፣ 2000 ከጡረታ ተመልሶ መጫወት ጀመረ። ማለት ህሊንካ የሚያሰለጥነው ደመወዙን የሚከፍለውን ሰው ነው! አለቃህን "ጌታዬ፣ አሁን ይበቃዎታል፣ ወንበር ላይ ይቀመጡ" የምትለው እንዴት አድርገህ ነው? እኔ የታክሲውን ባለቤት "ሂሳቡን አስተካክል" ለማለት ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር።

ቡድኑ ግን ሄደ። 96 ነጥብ ሰበሰቡ፣ ያግር በ121 ነጥብ የሊጉ አንደኛ ሆነ። ጥሎ ማለፉ ላይ ዋሽንግተንን ጣሉ። ከዚያ ቡፋሎን በሰባተኛው ጨዋታ፣ በጭማሪ ሰዓት። የቡፋሎ በረኛ ማነው? ሃሼክ! በረኛው፣ ይሄን ምን ትላለህ? ያን ቀን ሃሼክ የነበረው በሌላኛው በር ነው። ህሊንካ ግን አሸነፈ።

ቀጥሎ ኒውጀርሲ 4 ለ 1 አሰናበተቻቸው። በበጋ ያግር ተሸጠ። በመከር አራት ጨዋታ ተጫወቱ፣ አራቱንም ተሸነፉ፣ ኦክቶበር 2001 አሰናበቱት። አራት ጨዋታ!

የሬዲዮው ወሬ ግን ከዚያ በፊት ነው የጀመረው። እንግሊዝኛው ትንሽ ነበር። አንድ አድማጭ ደውሎ "ይሄ ሰውዬ ምንም አይናገርም፣ ምን እያደረገ ነው የሚከፈለው?" አለ። እስከ ዛሬ አልረሳውም። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እኔ መሪውን ይዤ ዝም አልኩ።

የናቲ እናት፦

ታክሲ፣ ይሄ ነገር ገባኝ። ከሚያስፈልገኝ በላይ ገባኝ።

እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሠራ ስብሰባ ላይ ዝም እል ነበር። ሐሳብ አጥቼ አይደለም። በጭንቅላቴ በአማርኛ ጨርሼ ወደ እንግሊዝኛ እስክገለብጠው ወሬው ሦስት ጣቢያ አልፎ ይሄዳል። በዓመቱ መጨረሻ ወረቀቴ ላይ "ተነሳሽነት ይጎድላታል" ተብሎ ተጻፈ። አዲስ አበባ ሳለሁ "ይህቺ ልጅ ትንሽ ዝም ብትል" የተባልኩ ሰው ነኝ እኮ።

በረኛው፦

እህቴ ያንቺን አልነካም፣ ልክ ነሽ። የሱን ግን ሁሉን ነገር በቋንቋ አናመካኝ። ያግር ሄደ። ከቡድንህ ላይ 121 ነጥብ ነቅለህ ብትጥል ማንም ይሸነፋል። ሆኪ ላይ አሰልጣኝ ማባረር ደግሞ ጎማ እንደ መቀየር ነው።

ታክሲ_412፦

ያግር ሄዶ ቡድኑ ቢሸነፍ ያለ ነው፣ እሺ። ግን አምናውን ለሦስተኛ ዙር ያደረሰህን ሰው በአራተኛ ጨዋታ? የሚናገር ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ጋዜጠኛ ሰብስቦ ሰበብ ይደረድር ነበር፣ እስከ ገና ያቆዩት ነበር። እኔ እንደዚህ ነው የማየው።

የሊትቪኖቭ_ተማሪ፦

ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ እውነት አላችሁ። እኔ የማውቀው ይሄን ነው። ሰውዬው በቼክኛም አያወራም ነበር! በገዛ አገሩ፣ በገዛ ቋንቋው፣ ንግግሩ አጭር ነው። እዚህ ግን ሰው ዝምታውን ያነበዋል። በሊትቪኖቭ ያደገ ልጅ የሰውዬው ቅንድብ ሲነሳ ምን እንደሆነ ያውቃል። ፒትስበርግ ያለ የካናዳ ልጅ ቅንድብ ማንበብ ከየት ይምጣለት? ጊዜም አልሰጡትም።

ባለ_ኳሱ፦

ከዚያስ? እንዴት ሞተ?

የሊትቪኖቭ_ተማሪ፦

ሩሲያ ሄዶ ኦምስክን አሰለጠነ። በ2004 እንደገና ብሔራዊ ቡድኑን ተረከበ፣ ለሆኪ የዓለም ካፕ። ውድድሩ ኦገስት መጨረሻ ይጀምራል። ኦገስት 16፣ ካርሎቪ ቫሪ አጠገብ፣ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጨ። ሆስፒታል ደርሶ አረፈ። 54 ዓመቱ ነበር።

ማታ ዜና ላይ ሰማሁ። ያ የክፍሌ አለቃ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር፣ ጡረታ ወጥቷል። ደወልኩለት። "አይተኸው ነበር አይደል?" አለኝ። "አይቼዋለሁ" አልኩት። ሌላ አላወራንም፣ ስልኩን ግን ለረጅም ጊዜ አልዘጋነውም።

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ አሰልጣኝ የለም። ማንን አመጡ? ሩዚችካን። የናጋኖውን አምበል። ለግማሽ ፍጻሜ አደረሳቸው፣ ካናዳ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 3 ረታቻቸው። በዓመቱ፣ በ2005፣ የዓለም ሻምፒዮን አደረጋቸው። በ2010ም ደገመው።

የናቲ እናት፣ ልጅሽ ሐውልቱ የት ነው ብሎ ጠይቆሻል። ሊትቪኖቭ ያለው ስታዲየም ራሱ በስሙ ነው የሚጠራው። የወጣቶቹ ውድድርም ከሞተ በኋላ በስሙ ሆነ። የግሬትስኪ ስም የተጨመረው በ2018 ነው፣ ካናዳም አዘጋጅ ስትሆን። አንድ ዓመት እናንተ ጋ፣ አንድ ዓመት እኛ ጋ ይላል። እዚህ ሲሆን ይዘሽው ነይ። ቤት አለ፣ ቡናም አለ። ሽሮ ግን ይዘሽ ነይ።

የናቲ እናት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሽሮ በኪሎ።

ዛሬ ወደ ልምምድ ስንሄድ መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርኩት። ስለሚሄደው ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ጠፋው ልጅ፣ ስለ አምስቱ ምቶች፣ ስለ ፒትስበርግ። ከኋላ ወንበር ድምፁ አልተሰማም። ተኝቷል ብዬ ነበር። ሪንኩ በር ላይ ስንደርስ፣ "ግሬትስኪ ለምንድነው ያልመታው?" አለኝ። ስለ ህሊንካ አንድም ጥያቄ የለም! ይሄን የምታውቁ ንገሩኝ፣ ሌላ ክር እከፍታለሁ።

ሰማያዊ_መስመር፦

ሃሃሃ ካናዳ በሙሉ እስከ ዛሬ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀሽ። የካናዳው አሰልጣኝ ማርክ ክሮፎርድ ነበር፣ ለሱ ይጻፍለት።

የናቲ እናት፦

ልጨምር፣ አሁን ገና ከልምምድ ገባን። አሰልጣኙ እንደ ልማዱ ምንም አላለም። ልጆቹ ሲወጡ በር ላይ ቆሞ በዱላው ጫፍ የያንዳንዱን ቆብ ኳ ያደርጋል፣ ሁሌም የሚያደርገው ነው። መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶውን እያሰረ ናቲ ምን አለኝ?

"እማዬ፣ ዛሬ እኔን ሁለት ጊዜ ነው የነካኝ።"